ሳይጠፋ የሚለወጥ ክፍል፦ የራውተር ሞጁሎች አለዋወጥና ከጀርባው ያለው ፊዚክስ

ከአምቦ ከተማ ተነሥቶ በስተ ደቡብ ወደ ወንጪ የሚያመራ መንገደኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ከሆነው ሥፍራ ጀምሮ ሽቅብ እየወጣ ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነው የጥንት እሳተ ገሞራ አፋፍ ይደርሳል። አብዛኛው ሰው ይህን ዳገት የሚወጣው ሐይቁን ለማየት ነው። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ከመመረጧም ሌላ፣ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ታቅፋ የለማች በመሆኗ ጎብኚዋ እየበዛ መጥቷል። ይሁን እንጂ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ጎብኚውን ሳይሆን፣ አልፎ አልፎ በዚሁ መንገድ ትንሽ ካርቶን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሚጓዘውን የኔትወርክ ባለሙያ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ብርማ ከረጢት፣ በከረጢቱ ውስጥ ደግሞ የአንድ ራውተር ሞጁል አለ። ይህ ሞጁል ከካርቶኑ ወጥቶ በቦታው እስኪገባ ድረስ ምን ምን አደጋ ያጋጥመዋል? አደጋዎቹስ በየትኛው የፊዚክስ ሕግ ይገለጻሉ?

እንደሚታወቀው ቴሌፎን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ኢንተርኔት የተጀመረው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተዘረጉት ወረዳኔትና ስኩልኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችንና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሳተላይት አገናኙ። በዚያን ጊዜ በየክፍሉ የተሰቀለውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚያስታውሱ አንባብያን ብዙ ናቸው፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጥግ ባለችው ቁም ሳጥን ውስጥ እያሸበረቀች የምትሠራውን ራውተር ግን የሚያስታውሳት የለም። ራውተር ማለት ከአንድ መረብ የሚመጡ የመረጃ ጥቅሎችን አድራሻቸውን እያነበበ ወደሚቀጥለው መረብ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። በመንገድ ምሳሌ ብናስረዳ፣ አምቦ ላይ ቆሞ ወደ ጉደር፣ ወደ ወንጪና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መኪና በታርጋው እየለየ የሚያሳልፍ ተራ አስከባሪ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ በአንድ ራውተር ላይ የሚንጠለጠለው ጉዳይ ብዙ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ሒሳብ፣ የጤና ጣቢያ ሪፖርት፣ የመንግሥት ክፍያ ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በበይነ መረብ በተሰጠ ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ የተማሪዎች ዕጣ ፈንታ ሆነ። እንግዲህ ፈተና እየተሰጠ ሳለ ከራውተሩ ሞጁሎች አንዱ ቢበላሽ መሣሪያውን በሙሉ አጥፍቶ መጠገን ይገባልን? ወይስ የተቀሩት ሥራቸውን ሳያቋርጡ የታመመውን ብቻ ነቅሎ በጤነኛ መተካት ይቻላል? መልሱ እንደ መሣሪያው ይለያያል።

የሚነቀልና የማይነቀል

መጠነኛ ትልቅነት ያላቸው ራውተሮች እንደ መደርደሪያ የተሠሩ ናቸው። ስሎት እየተባሉ በሚጠሩት ማስገቢያዎች ውስጥ ልዩ ልዩ ሰሌዳዎች ይገባሉ፤ አንዱ የፋይበር መስመር፣ ሌላው የመዳብ ሽቦ፣ ሌላው ደግሞ ኃይል ይይዛል። ከኋላ ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ የጋራ ሰሌዳ አለ። በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ኮረንቲው ሳይቋረጥ ሰሌዳ ነቅሎ ማስገባት ይፈቀዳል፤ በሌሎቹ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። የሚያስቸግረው በመልክ የሚመሳሰሉ መሣሪያዎች በዚህ ጉዳይ መለያየታቸው ነው። ለአብነት ያህል የሲስኮ ኩባንያ ከሠራቸውና በየአገሩ በሰፊው ከተሠራጩት አሮጌ ራውተሮች መካከል 3640 የተባለው ሞጁሉ ሲለወጥ መጥፋት አለበት። የቅርብ ዘመዱ 3660 ግን ሳይጠፋ ይለወጥለታል፤ ይህም የሚሆነው የወጣው ሞጁልና የሚተካው አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። በ7200 ተከታታይ ደግሞ የመስመር ካርዶቹን ሳያጠፉ መንቀል ሲቻል፣ የማስላቱን ሥራ የሚሠራው ዋና ሰሌዳና የግብዓት ውጤት መቆጣጠሪያው ግን ኮረንቲው ሳይቋረጥ አይነኩም። በአንዱ ሳጥን ውስጥ እንኳ አንዱ ማስገቢያ የሚፈቀድ፣ ጎረቤቱ የሚከለከል ነው። ስለዚህ «ባለፈው ሳምንት እንዲህ አድርጌ ሠርቷል» የሚለው ማስረጃ በዚህ ሥራ ዋጋ የለውም፤ የሚያስተማምነው የዚያው ሞዴል የአምራቹ መመሪያ ብቻ ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች «ከተጠራጠርህ አጥፋው» ይላሉ። ምክሩ ጥሩ ቢሆንም ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛው፣ ለዓመታት ሳይጠፋ የቆየ ራውተር የሚሠራበት ቅንብር በጊዜያዊው ማኅደር ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ቋሚው ማኅደር ካልተገለበጠ መሣሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ብዙዎች የማያስተውሉት ነው። የኃይል ገመዱ ሲነቀል የመሬት ግንኙነቱም አብሮ ይነቀላል። ለብቻው የተዘረጋ የመሬት ሽቦ ከሌለ፣ «ለጥንቃቄ» ብለን የነቀልነው መሣሪያ ከመሬት ተለይቶ የተንሳፈፈ ብረት ሆነ ማለት ነው። የመሬት ግንኙነት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በመጀመሪያ ስለ ራሳችን አካል ጥቂት ማለት ይገባናል።

የሰው አካል እንደ ካፓሲተር

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ በብርዱ ወራት ምንጣፍ ላይ ተራምደን የበር እጀታ በነካን ቁጥር የምትቆነጥጠንን ብልጭታ ለመልመድ ጊዜ ወስዶብን ነበር። በአገራችን እንዲህ ያለው ነገር እምብዛም ስለማያጋጥም ብዙዎች የስታቲክ ኤሌክትሪክን ጉዳይ የፈረንጅ ቅብጠት አድርገው ያዩታል። ይህ ስሕተት ነው። ሁለት ነገሮች ተሰባብቀው ሲለያዩ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ፤ በዚህም አካላችን የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። መሐንዲሶች ለሙከራ የሰውን አካል እንደ 100 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተርና እንደ 1500 ኦም ሬዚስተር ይቆጥሩታል። ብልጭታው እንዲሰማን አካላችን ቢያንስ 3000 ቮልት ያህል መድረስ አለበት። በዚህ ቮልቴጅ የተጠራቀመው ኢነርጂ 0.45 ሚሊ ጁል ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ግራም የሚመዝን ነገርን 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ከማድረግ አይበልጥም። ለእኛ ከምንም የማይቆጠር ነው። ነገር ግን ኢነርጂው የሚለቀቀው ከሚሊዮንኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ 3000 ቮልትን ለ1500 ኦም ስናካፍል የመነሻው ኮረንት 2 አምፒር ይሆናል።

በሌላ በኩል በሞጁሉ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች መግቢያቸው በጣም ስስ በሆነ የሲሊከን ኦክሳይድ ሽፋን የተጋረደ ነው። የዚህ ሽፋን የመቋቋም ወሰን በአንድ ናኖ ሜትር ውፍረት አንድ ቮልት ገደማ ነው። ሽፋኑ 2 ናኖ ሜትር ቢሆን ጥቂት ቮልት ይቀደዋል። እርግጥ ነው አምራቾች በቺፑ እግሮች ላይ የመከላከያ ሰርኪዩት ያደርጋሉ፤ መከላከያው ግን ወሰን አለው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ 3000 ቮልት ካልደረሰ ብልጭታው የማይሰማን መሆኑ ነው። በ500 ቮልት ካርዱን ብንጎዳው እጃችን ምንም አያውቅም። ካርዱም ያን ቀን ላይሞት ይችላል፤ ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ እየሠራ ይቆይና ከወራት በኋላ ሰበቡ በማይታወቅ ሁኔታ መቆራረጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ዕቃው ነው፤ «አዲሱም እንደ አሮጌው ነው» ተብሎ ሌላ ይታዘዛል።

ታዲያ ይህ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ያጋጥማልን? በሒሳብ እንየው። በበጋ ወራት ጎህ ሲቀድ በከፍታው ቦታ የውጭው አየር 5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 80 ከመቶ ነው እንበል። ይህ እርጥበት ያለው አየር ይመስላል። ነገር ግን ይኸው አየር መሣሪያዎች ወዳሉበትና ወደሚሞቅ ክፍል ገብቶ 25 ዲግሪ ሲደርስ፣ የያዘው ውኃ ሳይለወጥ ሊይዝ የሚችለው መጠን ከሦስት እጅ በላይ ስለሚጨምር አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 22 ከመቶ ይወርዳል። ከ30 ከመቶ በታች በሆነ አየር ውስጥ የነገሮች ገጽ ደረቅ ስለሚሆን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚፈስበት መንገድ አያገኝም። በመሆኑም በክረምት የማይታወቀው ችግር በኅዳርና በታኅሣሥ በራሳችን ቤት ይገኛል። በዚያ ላይ በብርዱ ምክንያት የሚለበሰው ሹራብ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ሰበቃው ይብሳል፤ ከጥጥ የተሠራ ጋቢ በዚህ በኩል ጉዳቱ ያነሰ ነው።

መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር አስተላላፊ ማሰሪያ አለ፤ ጫፉ ቀለም ካልተቀባው የመሣሪያው ብረት ጋር ይያያዛል። በማሰሪያው ውስጥ 1 ሜጋ ኦም የሆነ ሬዚስተር የገባበት ምክንያት ለተማሪዎች ጥሩ ጥያቄ ይመስለናል። ለምን ቀጥታ ሽቦ አልሆነም? ባለሙያው በስሕተት 220 ቮልት ቢነካ ሬዚስተሩ ኮረንቱን በ0.22 ሚሊ አምፒር ስለሚገድበው አይጎዳውም። ስታቲኩን ለማፍሰስስ አይዘገይምን? 1 ሜጋ ኦምን በ100 ፒኮ ፋራድ ብናባዛ ከሴኮንድ አንድ ዐሥር ሺኛ ይወጣል። ስለዚህ ዐይናችንን ሳንርግብ አካላችን ከመሣሪያው ጋር እኩል ይሆናል። ቀጥታ ሽቦ በእጃቸው ላይ ጠምጥመው የሚሠሩ ሰዎች ካርዱን ለማዳን ሲሉ ራሳቸውን ለአደጋ ማጋለጣቸውን ሊያውቁት ይገባል።

ስለ ከረጢቱም አንድ ነገር እንጨምር። ብርማው ከረጢት በውስጡ ስስ የብረት ሽፋን ስላለው እንደ ፋራዴይ ቀፎ ያገለግላል፤ የውጭው የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሮዝ ቀለም ያለው ከረጢት ግን ራሱ ስታቲክ አይፈጥርም እንጂ ከውጭ ከሚመጣው አይከላከልም። በየሱቁ የሚሰጠው ፌስታል ደግሞ ከሁለቱም የለበትም፤ ካርድን በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ሆን ብሎ ከማሸት የሚለይ አይደለም።

የሚቆነጥጠው ብረት

ማሰሪያው የሚያያዘው ከመሣሪያው ብረት ጋር ነው ብለናል። ብረቱ ራሱ ከመሬት ጋር ካልተገናኘስ? ይህ በብዙ ቢሮዎቻችን የሚታይ ሁኔታ ነው። የግድግዳው ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ይሆናል፤ ወይም ሦስተኛው ቢኖርም ከጀርባው ሽቦ የለውም፤ ወይም ዲቫይደሩ የመሬቱን መስመር አያሳልፍም። እንዲህ ባለው ቦታ የራውተሩን ብረት በእጅ ጀርባ ቀስ ብሎ የነካ ሰው ንዝረት የመሰለ ስሜት ይሰማዋል። «ትንሽ ይቆነጥጣል፣ ችግር የለውም» ይባላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በመሣሪያው የኃይል አቅርቦት ውስጥ ጩኸትን ለማጣራት ከሁለቱ የኮረንቲ መስመሮች ወደ ብረቱ የተያያዙ ሁለት እኩል ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ብረቱ ከመሬት ጋር ከተገናኘ ጥቂት ኮረንት ወደ መሬት ያፈሳሉ። መሬት ከሌለ ግን ብረቱ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ የ220 ቮልት ግማሽ፣ ማለትም 110 ቮልት ገደማ ይሆናል። እያንዳንዱ ካፓሲተር 4.7 ናኖ ፋራድ ቢሆን ብረቱን ነክቶ መሬት ላይ በቆመ ሰው በኩል የሚያልፈው ኮረንት አንድ ሦስተኛ ሚሊ አምፒር ያህል ነው። አምስት መሣሪያዎች በአንድ ዲቫይደር ላይ ቢሰኩ ግን ወደ 1.6 ሚሊ አምፒር ይደርሳል፤ ይህ በግልጽ የሚሰማና የሚያስደነግጥ ነው።

ለሰው ይህ መጠን የሚገድል አይደለም። ለሞጁሉ ግን የከፋ ትርጉም አለው። 110 ቮልት ላይ ከተንሳፈፈ ሣጥን የሚወጣ የመረጃ ገመድ ሌላው ጫፉ በትክክል መሬት ከያዘ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ፣ የመጀመሪያው ንክኪ በምልክት አስተላላፊዎቹ እግሮች ላይ ከሆነ የሁለቱ ልዩነት በዚያች ቅጽበት በእነርሱ በኩል ያልፋል። በእኛ አስተያየት በአገራችን «በኮረንቲ ተቃጠለ» ከሚባሉት ካርዶች ብዙዎቹን የሚገድላቸው መብረቅ ሳይሆን ይህ ነው። ስለሆነም ከማንኛውም ነገር በፊት ባለሙያው በቮልቴጅ መለኪያው ከራውተሩ ብረት እስከ እውነተኛ መሬት ድረስ ይለካ። ንባቡ ጥቂት ቮልት ከሆነ ይቀጥል፤ በመቶ አካባቢ ከሆነ ሞጁሉን በከረጢቱ ትቶ የመሬት ሽቦ ያሠራ። ይህ ሥራ የኤሌክትሪሻን እንጂ የኔትወርክ ባለሙያ ሥራ አይደለም የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ካርዱ ግን ይህን የሥራ ክፍፍል አያውቅም።

ረጅም እግርና አጭር እግር

አሁን ማሰሪያው ታስሮ፣ መሬቱ ተረጋግጦ፣ ሞጁሉ በማስገቢያው አፍ ላይ ነው። መሣሪያው እየሠራ ነው። ባዶ ካፓሲተሮች ያሉት ሰሌዳ በሚሠራ የኃይል መስመር ላይ ሲሰካ ምን ይሆናል? ሰሌዳው በድምሩ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ የጋራው መስመር 12 ቮልት፣ በመንገዱ ላይ ያለው ሬዚስታንስ ደግሞ 20 ሚሊ ኦም ነው እንበል። የኦምን ሕግ ብንከተል የመነሻው ኮረንት 600 አምፒር ነው! እርግጥ ነው የሽቦዎቹ ኢንደክታንስ ይቀንሰዋል፤ ሆኖም የመገናኛውን እግር ለማቅለጥና የጋራውን ቮልቴጅ ለቅጽበት አውርዶ ጎረቤት ሞጁሎችን ለማናወጥ የሚበቃ ነው። እንግዲህ ሳይጠፋ መለወጥን የማይፈቅድ ራውተር ውስጥ ካርድ በጉልበት የሰካ ሰው ያደረገው ይህንን ነው።

ለሥራው በተዘጋጁት መሣሪያዎች ላይ መሐንዲሶች ሁለት ዘዴ ተጠቅመዋል። አንደኛው ኮረንቱን ቀስ በቀስ የሚከፍት ትራንዚስተር ነው። ቮልቴጁ በአንዴ ሳይሆን በ20 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 12 እንዲያድግ ቢደረግ፣ ካፓሲተሩን በቮልቴጁ የዕድገት ፍጥነት ስናባዛ 0.6 አምፒር ብቻ እናገኛለን። ከ600 ወደ 0.6! ሁለተኛው ዘዴ ይበልጥ ቀላልና፣ በእኛ ዐይን፣ ይበልጥ የሚያምር ነው፤ የመገናኛውን እግሮች ርዝመት ማበላለጥ። የመሬቱ እግር ረጅሙ ስለሆነ መጀመሪያ ይገናኛል፤ የኃይሉ ይከተላል፤ የምልክቶቹ በመጨረሻ ይደርሳሉ። ሲነቀል ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ከሁሉ አጭር የሆነችው አንዲት እግር «እየወጣሁ ነው» የሚለውን መልእክት ለራውተሩ ታስተላልፋለች።

የርዝመቱ ልዩነት 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሞጁሉን በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ብንገፋው፣ በሁለቱ ንክኪዎች መካከል 15 ሚሊ ሴኮንድ እናገኛለን። ለሰው ምንም ነው፤ ለራውተሩ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ትእዛዞችን የሚፈጽምበት ሰፊ ጊዜ ነው። ከዚህም የእጅ ሥርዓቱ ይወጣል። ሞጁሉ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ማንሻዎቹ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታጠፉ። አንዱ ጎን ቀድሞ ከገባ በአንደኛው ጫፍ ያሉት አጫጭር እግሮች በሌላው ጫፍ ካሉት ረጃጅሞች ሊቀድሙ ይችላሉ፤ መሐንዲሱ ያቀደው ቅደም ተከተልም ይፈርሳል። በመዶሻ ምት ዓይነት መግፋትም፣ ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ ማመንታትም መጥፎ ነው። ረጋ ያለ፣ የማያቋርጥና ጽኑ አገፋፍ ይሻላል። በኋላም ብሎኖቹ መጠበቅ አለባቸው፤ ብዙዎች ይህን ለማስዋብ የተደረገ ይመስላቸዋል እንጂ ሞጁሉን በመሬት ግንኙነቱ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ብሎኑ ነው።

ከአንድ በላይ ሞጁል የሚለወጥ ከሆነ አንዱ ገብቶ ራውተሩ እስኪያውቀው ድረስ ሌላው አይነካም። በብዙ መመሪያዎች የተጻፈው ቢያንስ 15 ሴኮንድ መጠበቅ ነው። ከመንቀሉም በፊት የመስመሮቹን ትራፊክ በትእዛዝ ማቆም፣ ቅንብሩን መገልበጥ፣ በየገመዱ ላይ ቁጥር መለጠፍ የታወቀ ስለሆነ አናስረዝመውም።

ፋይበር ያለበት ሞጁል ከሆነ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ1310 እና በ1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት የሚጓዘው የሌዘር ብርሃን ለዐይን አይታይም፤ ሰው ሲደነግጥ ዐይኑን የሚከድነው ግን ሲያየው ነው። በአጭር ርቀት የሚሠሩት በአብዛኛው ከአደጋ ወሰን በታች ቢሆኑም፣ የትኛው ገመድ ከየትኛው ማጉያ እንደመጣ ሳይታወቅ ጫፉን ወደ ዐይን አቅርቦ «ብርሃን አለው?» ብሎ ማየት የሚገባ አይደለም። የፋይበሩ እምብርት 9 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሆነም የአንዲት የአቧራ ቅንጣት መጠን መንገዱን ልትዘጋው ትችላለች። ቆብ የተሠራለት በከንቱ አይደለም።

ስስ አየርና ባዶ ማስገቢያ

ወደ ወንጪ ዳገት እንመለስ። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት 70 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነበር። ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘትን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ፣ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያጓጉዘው አየር በክብደት ያንሳል። 300 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ራውተር በሴኮንድ 20 ሊትር አየር ቢያልፍበት፣ አየሩ ገብቶ እስኪወጣ በባሕር ጠለል 12 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በአምቦ ይኸው 16 ዲግሪ፣ በ3000 ሜትር ደግሞ 18 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ የሚጽፉትን ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ያደርጉታል። በወረቀት ላይ 40 ዲግሪ የሚችለው መሣሪያ በአምቦ 33፣ በ3000 ሜትር 30 ይሆናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ማጋነን አይገባም። ከአምቦ ወደ ላይ 900 ሜትር ስንወጣ የውጭው አየር 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ መሳሳት የምናጣው ደግሞ 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ተፈጥሮ ከወሰደችው በላይ መልሳለች። መስኮት በሌለበትና በተቆለፈ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ይህ ስጦታ አይገባም፤ ለሥርቆት ተብሎ የሚዘጋው በር ራውተሩን ያፍነዋል።

ከከፍታው ይልቅ የሚያሳስበን ባዶው ማስገቢያ ነው። የተበላሸው ሞጁል ተነቅሎ ተተኪው ከውጭ አገር እስኪመጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ ማስገቢያው አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። አየር እንደ ውኃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ በሰሌዳዎች መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ከመሹለክ ይልቅ በተከፈተው ቀዳዳ ገብቶ ወደ ማራገቢያው ይሄዳል። ማራገቢያው ይዞራል፤ የሚንቀሳቀስ አየር በእጅ ይሰማል። ሙቀቱ የሚወጣባቸው ቺፖች ግን አየር አያገኙም። እንዲህ ሆኖ አንዱ ብልሽት ሌላውን ይወልዳል። ለዚህ ሲባል ከራውተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው የቆርቆሮ ክዳን መጣል የለበትም። ከጠፋም ቀዳዳውን በልኩ በተቆረጠ ቆርቆሮ በብሎን መዝጋት ይሻላል፤ በካርቶንና በፕላስተር የተዘጋ አየሩን ቢያስተካክልም የሬዲዮ ሞገድን አያግድም፣ አቧራም ይሰበስባል።

ጤዛ ሌላው የደጋ ጉዳይ ነው። ሞጁሉ በመኪና ውስጥ አድሮ ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ነው። የመሣሪያው ክፍል 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 55 ከመቶ ነው። የዚህ አየር የጤዛ ነጥብ 14 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር ላይ ውኃ ይቋጠራል፤ ከብርድ የገባ ሰው መነጽሩ እንደሚጋረደው ማለት ነው። ባለሙያው ቸኩሎ ከረጢቱን ቀድዶ ካርዱን ቢሰካው በእርጥብ ሰሌዳ ላይ ኮረንቲ ለቀቀ። ከረጢቱ ሳይከፈት በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጥ፤ ጤዛው በከረጢቱ ላይ ተቋጥሮ ይደርቃል።

ስለ ላጲስ

በመጨረሻ በየጥገና ክፍሉ ስለሚሠራበት አንድ ልማድ እናንሣ። ካርድ እንቢ ሲል ተነቅሎ የመገናኛ ጥርሶቹ በላጲስ ይፈተጋሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የሠራው ግን በአብዛኛው በመፈተጉ ሳይሆን ተነቅሎ በመመለሱ ነው፤ ሲወጣና ሲገባ እግሮቹ ራሳቸው እየተፋተጉ ይጸዳሉ። በጥርሶቹ ላይ ያለው ወርቅ ውፍረቱ በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮ ሜትር በታች ነው። ላጲስ በውስጡ ለመፈተግ የተቀላቀለ ጠጣር ዱቄት ስላለው ወርቁን እየላጠ ከሥሩ ያለውን ኒኬል ያወጣዋል፤ ኒኬል ደግሞ ኦክሳይድ ያበጃል። በዚህም ላይ ጎማን በሰሌዳ ላይ ማሸት ከላይ ያየነውን ስታቲክ በገዛ እጅ ማመንጨት ነው። ማሰሪያውን አስሮ፣ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ የማይበጣጠስ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ ይበቃል። አልኮሉ በመድኃኒት ቤት ሲገዛ ግን ስሙና መጠኑ ይነበብ፤ ቅባት ወይም ሽቶ የተቀላቀለበት ሲደርቅ በጥርሶቹ ላይ የማያስተላልፍ ሽፋን ይተዋል። የወጣውም ካርድ አዲሱ በመጣበት ብርማ ከረጢት ተመልሶ ገብቶ፣ የተነቀለበት ቀንና ያሳየው ምልክት በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት፤ ከወራት በኋላ መደርደሪያው ላይ ያገኘው ሰው ጤነኛ ነው ብሎ መልሶ እንዳይሰካው።